ባዶው ቀለህ

ቆሼ የሚለው ስም ቆሻሻ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማይቱ ጥራጊ ሲከመርበት የኖረው ይህ ስፍራ በብዙው ነዋሪ ዘንድ የነገሮች ሁሉ ፍጻሜ ሆኖ ይታወቃል። ከቤት የወጣው፣ ከገበያ የተረፈው፣ ከፋብሪካ የተጣለው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ታሪኩ ያበቃ ይመስላል። ዳሩ ግን እንጀራውን ከዚያ ክምር ለቅሞ ሲያወጣ ለኖረው ሰው ቆሼ ፍጻሜ ሳይሆን መነሻ ነው። የለቃሚው ዓይን ብረትን ከቆርቆሮ፣ መዳብን ከናስ በሩቁ ይለያል። ናስ ጥቂት ቢሆንም ከብረት የበለጠ ዋጋ እንደሚያወጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ከእጁ የወጣው ብረታ ብረት በቆራሌው ጆንያ ተጭኖ፣ በመርካቶው ምናለሽ ተራ አልፎ፣ ወደ ቀጥቃጩ መዶሻ ይመለሳል፤ በዚያም ሌላ ስምና ሌላ ሥራ ያገኛል።

የተጣለን ናስ የማክበር ጥበብ በኢትዮጵያ ምድር ትናንት የተወለደ አይደለም። ከመቶ ዓመታት በፊት፣ የጦር ሜዳው ጢስ ከገፈፈና የድሉ እልልታ ከበረደ በኋላ፣ ጎንበስ ብሎ ከሣሩ መካከል ባዶ ቀለህ የሚለቅም ሰው ነበር። ታሪካችን በተኩሱ ድምፅ ተማርኮ ከተኩሱ በኋላ ያለውን ይህን ማጎንበስ ሳያየው አልፏል። ስለ ጠመንጃው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተኳሹም ብዙ ተዘፍኗል። ባዶውን ቀለህ አጥቦ፣ ባሩድ ሞልቶ፣ ዓረር ተክሎ እንደገና ወደ ዝናር የመለሰው እጅ ግን ከጽሑፉም ከዘፈኑም ውጭ ቀርቷል። ይህ እጅ ምን እንደሠራ፣ ምን ሊሠራ እንዳልቻለ፣ ሥራውም በምን እንደተከፈለው መመርመር የአንዲት አገር ነፃነት በምን ላይ ቆሞ እንደነበር መመርመር ነው።

አራት ነገር በአንድ ቀለህ

ጥይት ዛሬ በምናውቀው መልክ ከመሠራቱ በፊት የጠመንጃ ምግብ ተለያይቶ ይያዝ ነበር። ነፍጠኛው ባሩዱን በቀንድ፣ የእርሳስ ድብልብሉን በከረጢት ይዞ ይዘምታል። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፤ ድብልብሉን በዘንግ ጠቅጥቆ ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳት የሚሰጠው። አሠራሩ አዝጋሚ ቢሆንም የአገር ቤት ሙያተኛ ከዳር እስከ ዳር ሊያውቀውና ሊሠራው የሚችለው ነበር። ድኝ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ከሰል ከየምድጃው ይገኛል፤ ለባሩድ የሚሆነውም ጨው ከአፈር ታጥቦና ተፈልቶ ይወጣል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሸዋን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች ባሩድ በአገሩ ሰው እጅ ይሠራ እንደነበር ጽፈው አልፈዋል።

ዓፄ ቴዎድሮስ ነገሩን ከሥሩ የያዙ መሪ ነበሩ። መሣሪያ ከሌላው አገር ዘወትር ከመጠበቅ መሣሪያ ሠሪውን በአገር ማፍራት እንደሚሻል በመረዳት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የመሣሪያ መሥሪያ አቋቋሙ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የዚያ ሕልም ፍሬ ነው። ሆኖም ሴባስቶፖል በስንት ሺህ ክንድ እየተጎተተ ወደ መቅደላ አናት በሚወጣበት ዘመን ዓለም ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን፣ በአፈሙዙ ሳይሆን ከኋላው የሚጎርሰውን ጠመንጃ ይዞ ቀረበ። ከአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ አንዴ ተኩሶ እስኪጎርስ ድረስ ይኸኛው ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ሕዝቡ ይህን መሣሪያ በአፉ አለስልሶ ሰናድር አለው።

የአዲሱ መሣሪያ ምሥጢር ከጠመንጃው ይልቅ በጥይቱ ውስጥ ነበር። ተለያይተው ይያዙ የነበሩት ነገሮች፣ ማለትም ዓረሩ፣ ባሩዱና እሳት ሰጪዋ ካፕሱል፣ በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀለሁ እቃ መያዣ ብቻ አይደለም። ባሩዱ በሚነድበት ቅጽበት በግፊቱ ተለጥጦ የጠመንጃውን መጉረሻ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ያግዳል፤ ግፊቱ ሲያልፍም ጥቂት ሸብሰብ ብሎ ለመውጣት ይመቻል። ናስ ለዚህ አገልግሎት የተመረጠው ሲገፉት የሚሰጥ፣ ሲለቁት የሚመለስ ጠባይ ስላለው ነው። ለተኳሹ ይህ ታላቅ ኃይል ሆነ። ፋብሪካ ለሌላት አገር ግን ኃይልም ሰንሰለትም ነበር፤ ምክንያቱም ጠመንጃው ያለ ቀለህ ከዱላ አይሻልም።

በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብጽ ጦር በዓፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ሲመታ ረሚንግቶን የተባለው ጠመንጃ በብዛት በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ የውጭው ጠመንጃ በስጦታም፣ በግዢም፣ በምርኮም ይጎርፍ ጀመር። ከየአገሩ የመጣው ግን በየልኩ ነበር። የሰናድር አፈሙዝ ከ14 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ የግብጹ ረሚንግቶን ከ11 ጥቂት አለፍ ይላል፤ የፈረንሳዩ ግራ ልክ 11 ነው፤ የኢጣሊያው ቬተርሊ ከ10 ጥቂት ያልፋል። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይጎርስም። በአንድ አለቃ ሥር የተሰለፉ ወታደሮች አራት ዓይነት ጠመንጃ ቢይዙ አራት ዓይነት ጥይት ይፈልጋሉ ማለት ነው። ከምርኮ ጋር የተገኘው ጥይት ባለቀ ጊዜ ያ ሁሉ ጠመንጃ የሚድነው ቀለሁን ዓይነት በዓይነት ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ እንደየልኩ ዓረር አፍስሶ እንደገና በሚሞላው ሰው ብቻ ነበር።

ገጣሚው ነጋዴና ውጅግራ

በ1879 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ የፈረንሳይ ነጋዴ ከታጁራ ተነሥቶ የአዳልን በረሃ በግመል ጓዝ አቋርጦ ሸዋ ገባ። ይህ ሰው በወጣትነቱ የፈረንሳይን ግጥም መልክ ለውጦ ገና ሃያዎቹን ሳይዘልቅ ብዕሩን የጣለው አርተር ራምቦ ነው። ጓዙን በሚመለከት ለአገሩ መንግሥት በጻፈው ደብዳቤ 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግቶን ጥይት መያዙን፣ የጥይቱም ዋጋ በሺህ 60 የማሪያ ቴሬዛ ብር መሆኑን ዘርዝሯል። በዚህ ስሌት አንድ ብር ከ16 እስከ 17 ጥይት ይገዛል። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ የጣለቻቸው አሮጌ ባለ አፈሙዝ ጉርሻ ነበሩ፤ ጥይቱ ግን በሸዋ ንጉሥ ግምጃ ቤት አስቀድሞ ለገባው ረሚንግቶን የሚሆን ነበር። ገጣሚው ነጋዴ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተገናኘው በእንጦጦ ሲሆን፣ ከዚያ ንግድ ያሰበውን ትርፍ አላገኘም።

የራምቦ ጓዝ ከትልቁ ጎርፍ አንድ ጠብታ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌበልን ባስታጠቀች ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የግራ ጠመንጃ በአንድ ጀምበር አሮጌ ሆነ። በየግምጃ ቤቱ የተከማቸው ግራ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ፈሰሰ። ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉትን የኢትዮጵያ ሕዝብ ውጅግራ አለው፤ በዚህ ስም ዝነኛ ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች ላይ ከተተኮሰው ጥይት ብዙው ከጥቁር ባሩድ ዘመን የወጣ ነበር፤ የወራሪውም እግረኛ ቢሆን በዚያ ቀን የያዘው የዚያኑ ዘመን ቬተርሊ ነበር።

የውጅግራ ጥይት ከዝናር አልፎ ወደ ገበያ ወጣ። የማሪያ ቴሬዛ ብር ከ28 ግራም በላይ የሚመዝን ትልቅ ገንዘብ በመሆኑ ለጥቃቅኑ ግብይት አይመችም ነበር። በአንድ ብርና በአንድ ቁና እህል መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት አሞሌ ጨው ይሞላ ነበር፤ በብዙ አካባቢም የውጅግራ ጥይት ከአሞሌው ጎን የዝርዝርነት ሥራ ያዘ። መጠኑ አንድ ዓይነት፣ ለመቁጠር የቀለለ፣ ዝናብ የማያሟሟው፣ ሁሉ የሚፈልገው ነበርና። ዳሩ ግን ይህ ገንዘብ ከገንዘብ ሁሉ የተለየ ጠባይ ነበረው። ብር ሲከፈል ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል እንጂ አይጠፋም። ጥይት ሲተኮስ ግን ዋጋው ከጢሱ ጋር ይበናል፤ በእጅ የሚቀረው ቀለሁ ብቻ ነው። ቀለሁን የሚሞላው ሙያተኛ እንግዲህ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ብቻ አልነበረም፤ የሞተውን ገንዘብ የሚያስነሣ ሰው ነበር።

የእጁ ሥራ

ይህ ሥራ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ ለመረዳት አንድ የውጅግራ ቀለህ በእጅ ይዞ መመልከት ይበቃል። ርዝመቱ 59 ሚሊሜትር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድና 25 ግራም የሚመዝን፣ በወረቀት የተጠቀለለ የእርሳስ ዓረር ተሸክሞ ነበር። ሲተኮስ ዓረሩ ይሄዳል፤ ባሩዱ ግን ሙሉ በሙሉ አይሄድም። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው ጢስና ጥላሸት ሆኖ የሚቀር ጨዋማ ጠጣር ነገር ነው። ያ ዝቃጭ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የጠመንጃውን ብረት ያዝጋል፤ ናሱን ያረነጉዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። ውሎ ያደረ ቀለህ የተበላ ቀለህ ነውና ከተኩሱ በኋላ ፈጥኖ በሙቅ ውኃ ሊታጠብና ሊደርቅ ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞተችውን ካፕሱል ከቀለሁ ሥር ማውጣት ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት አሠራር ነበር። እንግሊዛዊው ቦክሰር በቀየሰው አሠራር የቀለሁ ሥር መካከል አንድ ቀዳዳ ስላለው ቀጭን ወስፌ ከውስጥ ገፍቶ ካፕሱሏን ያወጣታል። አሜሪካዊው በርዳን በቀየሰው ግን መምቻዋን የምትቀበለው ጉብታ ከቀለሁ ጋር አንድ ናት፤ እሳቱም የሚያልፈው ከግራና ከቀኝዋ ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች ነው። ይህኛው ከውስጥ አይገፋም፤ ካፕሱሏ ከውጭ በረቀቀ መሣሪያ ተፈልቅቃ ትወጣለች፤ እጅ ከከበደ ደግሞ ጉብታዋ ተጎድታ ቀለሁ ለዘለዓለም ይበላሻል።

ከዚያ በኋላ ቀለሁን ወደ ልኩ መመለስ ነው። የተተኮሰ ቀለህ የተኮሰውን ጠመንጃ መጉረሻ መልክ ይዞ ያብጣል፤ ሌላ ጠመንጃ ላይጎርሰው ይችላል። አፉ ተቀጥቅጦ ወይም ተጠብቦ ዓረሩን ጥብቅ አድርጎ እንዲይዝ መደረግ አለበት። እዚህ ላይ ናስ ሌላ ምሥጢር አለው። በተለጠጠና በተጠበበ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻ አፉ ላይ ይሰነጠቃል። ይህን ለማዳን የቀለሁን አፍ በእሳት አሙቆ ማለስለስ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ካነሰ ናሱ አይለሰልስም፤ ከበዛ ወይም ወደ ሥሩ ከወረደ ቀለሁ ልሞ በሚቀጥለው ተኩስ ይፈነዳል። ቴርሞሜትር በሌለበት ምድጃ ፊት ይህን የሚለካው የቀጥቃጩ ዓይን ብቻ ነው፤ የናሱን ቀለም ከጨለማ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲሻገር አይቶ በዚያችው ቅጽበት ከእሳት ያወጣዋል።

የናስ ጠባይ የታላላቆቹንም መንግሥታት ሙያተኞች ለረጅም ጊዜ አስቸግሯል። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናሙ ወራት ያስቀመጠው ጥይት ማንም ሳይነካው ቀለሁ እየተሰነጠቀ ሲገኝ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1921 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። በናሱ ውስጥ ከአሠራሩ የቀረ ውጥረት አለ፤ ከፈረስ ጋጣ ሽንት የሚወጣው የአሞንያ ትነት ሲያገኘው ናሱ በውጥረቱ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱም በልክ አሙቆ ውጥረቱን ማርገብ ሆነ። ሳይንስ በቤተ ሙከራ የደረሰበት ይህ መድኃኒት ቀጥቃጭ በምድጃው ፊት ናስን ሲያለሰልስበት ከኖረው ልማድ ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ባሩዱን መሙላትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከባሩዱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጨው ነው፤ የቀረውን ከሰልና ድኝ ይካፈሉታል። እርጥብ አድርጎ በደንብ ያልተደቆሰና ያልተዋሃደ ባሩድ ጢስ እንጂ ጉልበት የለውም። ጥቁር ባሩድ በቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ አይወድም፤ እስከ ዓረሩ ሥር ድረስ ጠቅጠቅ ብሎ መሙላት አለበት። ከላዩ ሰምና ሞራ የተቀባ ሽፋን ቢደረግ የሚቀረውን ጥላሸት ያለሰልሳል። እርሳሱ ቀልጦ በቅርጽ ማፍሰሻ ይፈስሳል፤ ሲበርድ ጠርዙ ተልጎ ይስተካከላል። በመጨረሻም ዓረሩ በቀለሁ አፍ ላይ ይተከላል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ስሕተት ብትገባ የምትገለጠው በሙያተኛው ደጃፍ አይደለም፤ በጦር ሜዳ፣ ጠላት በቀረበበት ሰዓት፣ ቃታው ተስቦ ድምፅ ሲጠፋ ነው።

ባዶ ቀለህ መሙላት የድሃ አገር ዘዴ ብቻ እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለተኩስ ልምምድ የሚሆነውን ጥይት በየጦር ሰፈሩ እንዲሞላ ለክፍሎቹ መሣሪያ አድሎ ነበር። እዚያ ሥራው ቁጠባ ይባል ነበር፤ የሚሠራውም ደመወዝተኛ ወታደር ነበር። እዚህ ግን የአገር ህልውና ጉዳይ ነበር፤ የሚሠራውም የተናቀ ሰው ነበር።

ከአተር ያነሰችው እመቤት

ቀጥቃጩ ዓረሩን ያፈስሳል፤ ባሩዱን ይደቁሳል፤ ቀለሁን ያድሳል። አራተኛዋን ነገር፣ ካፕሱሏን፣ ግን በምድጃው ሊወልዳት አልቻለም። ካፕሱል ከአተር ያነሰች የብረት ቆብ ናት። በውስጧ ያለው ሲመታ የሚነድ ቅመም በዚያ ዘመን ከሜርኩሪ የሚሠራ ሲሆን፣ አሲድና ቤተ ሙከራ፣ ከሁሉም በላይ በኬሚስትሪ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ቆቧም ብትሆን በመኪና ተቀርጻ በሺህ የምትወጣ እንጂ በመዶሻ የምትቀጠቀጥ አይደለችም። ስለዚህ የአገር ቤቱ ጥይት ሦስት እጁ የአገር፣ አንድ እጁ የባሕር ማዶ ሆኖ ቀረ። የአገር መከላከያ ትልቁ ጥያቄ በትንሿ ቆብ ላይ ተንጠለጠለ።

የጊዜው መዞርም ሌላውን በር ዘጋ። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ጢስ አልባ ባሩድ በዓለም ከተሰራጨ በኋላ የጠመንጃው ግፊት ከፍ አለ፤ የአፈሙዙ ልክ ጠበበ፤ ዓረሩም ከላዩ በጠንካራ ብረት ተሸፈነ። ምንሽርን በመሰሉት አዳዲስ ጠመንጃዎች ጥይት ውስጥ ከአፈርና ከከሰል የሚሠራው ባሩድ ቦታ አልነበረውም። እንግዲህ የጥቁር ባሩድ ዘመን የመንደር ቀጥቃጭ የዓለምን የጦር መሣሪያ በራሱ ምድጃ ሊመግብ የቻለበት የመጨረሻው ዘመን ነበር። ያ ዘመን ሲያልፍ ሙያውን ወደ ፋብሪካ የሚያሸጋግር ድልድይ በጊዜው አልተሠራለትም።

ዕዳው በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ተጠየቀ። የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ቃሉ እኩል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን እኩል አልነበረም። ኢጣሊያ የራሷ የጥይት ፋብሪካዎች ነበሯት፤ ኢትዮጵያ ግን የሚያስፈልጋትን ጥይት የምትጠብቀው ከወደብ ነበር። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ከታጠቀው ሠራዊት ፊት የቆመው ኢትዮጵያዊ ወታደር በስድሳ ዓመት የሚቀድመውን ውጅግራ ይዞ የተሰለፈበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት አምስት የአርበኝነት ዓመታት ዋናው የጥይት ግምጃ ቤት የጠላት ትጥቅ ሆነ። ከጠላት ያልተማረከውን ደግሞ በየዋሻውና በየጫካው ወናፉን የተከለ ሙያተኛ ይጠግነውና ይሞላው ነበር። ለአርበኛው አንዲት የተሞላች ቀለህ አንዲት ቀን ነበረች።

ስም ያላገኘው እጅ

ይህን ሁሉ የሠራው ሰው ማን ነበር? በብዙ የአገሪቱ ክፍል ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ባለ እጅ እየተባለ የሚጠራው፣ ከርስት የተገለለው፣ በጋብቻ የማይፈለገው ሰው ነበር። በጎንደር አካባቢ ከዚህ ሙያ ብዙውን የሚሠሩት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ቡዳ ነው ተብሎ ልጅ ከፊቱ ይደበቃል፤ ገበሬው ግን ማረሻውን፣ ወታደሩም ጠመንጃውን ይዞ በጨለማም በብርሃንም ወደ ደጃፉ ይሄዳል። የባላባቱ ሥርዓት ሥራውን ሳይሆን ሠሪውን ናቀ፤ ያለ እጁ ግን አንድ ቀን መዋል አልቻለም።

ዓፄ ምኒልክ ይህን ቅራኔ አስተውለዋል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሙያው ስም እየጠሩ መሳደብን ከልክለዋል። አዋጁ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ልማድ በአንድ አዋጅ አይሻርም። የድል በዓል በተከበረ ቁጥር ቀጥቃጩ ከመድረኩ ውጭ ቀረ።

ኪነ ጥበባችንም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለም። የቀረርቶና የፉከራ ቅርሳችን ሀብታም ነው። ጌታው የፈረስ ስም ነበረው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው ተጠሩ። ፈረሱ ራሱ ስም አገኘ። ጠመንጃው ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እየተባለ በሸላዩ አፍ ከሰው እኩል ተወደሰ። ከፈረሱም፣ ከጠመንጃውም፣ ከጌታውም ጋር የተሰለፈው፣ ቀለሁን የሞላው እጅ ግን ስም አላገኘም። በዚህም ምክንያት ሙያው ከባለሙያው ጋር ተቀበረ። አባት ለልጁ በምድጃ ዳር ያስተማረው የናስ ቀለም፣ የባሩድ ልክ፣ የእርሳስ ሙቀት በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ በትምህርት ቤት አልገባም። የተናቀ ዕውቀት አይጻፍም፤ ያልተጻፈ ዕውቀትም ወደ ፋብሪካ አያድግም። አገሪቱ በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ያጣችው ጥይት መጥፋት የጀመረው ቀጥቃጩ ቡዳ በተባለበት ቀን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከእንጦጦ እስከ ቆሼ

ራምቦ ከንጉሡ ጋር በተገናኘበት በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በእኛ ዘመን ሴቶች ተሰብስበው ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ያገለገለ የጥይትና የመድፍ ቀለህ ይቀልጣል፤ ናሱ ወደ ዶቃ ይለወጣል፤ ዶቃው በክር ተሰክቶ የአንገት ጌጥ ይሆናል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ቀድሞ የእንጦጦን እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ያወርዱ የነበሩ አሉ። በደቡብ ኦሞም ባዶ ቀለህ በቀበቶና በአንገት ጌጥ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ናስ ሥራውን ይለውጣል እንጂ አይሞትም። አንድ ጊዜ ሞትን ተሸክሞ የወጣው ብረት ሌላ ጊዜ ውበትን ሊሸከም ይችላል፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የሚያውቀው እጅ ነው።

ወደ ቆሼ ስንመለስ ያ እጅ በምን ዋጋ እንደሚኖር ይታያል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩና በዳሩ የነበሩትን ቤቶች በላ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከተማይቱ የጣለችውን ለይተው ዋጋውን ይመልሱላት ከነበሩት ሰዎች መካከል በዚያው በጣለችው ሥር የተቀበሩ አሉ። አገሪቱ አለቀሰች፤ ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በቀጣዩ ዓመት በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጥራጊ ኃይል መሆኑ እንግዲህ በይፋ ታወቀ፤ ለቃሚው ግን ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ቀለሁን የሞላው ቀጥቃጭና ናሱን የለቀመው የቆሼ ሰው በአንድ መቶ ዓመት ርቀት የቆሙ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ሌላው ባዶ ያለውን ባዶ አለመሆኑን አወቁ፤ ሁለቱም እነርሱ ራሳቸው እንደ ባዶ ተቆጠሩ።

ለመምህሩ፣ ለሠዓሊው፣ ለጸሐፌ ተውኔቱ ከዚህ የሚተላለፍ ሥራ አለ። በየገጠሩ የቀሩትን የእርሳስ ማፍሰሻዎች፣ ወናፎች፣ የባሩድ ቀንዶች ከውጅግራው ጎን በየቤተ መዘክሩ ማስቀመጥ፤ ሙያውን ከአባቶቻቸው የሰሙትን አዛውንት ጊዜ ሳያመልጥ ጠይቆ መመዝገብ፤ የዓድዋን ድል ለተማሪ ሲያስተምሩ ከተኩሱ በፊትና ከተኩሱ በኋላ የነበረውን እጅ አብሮ ማስተማር ይቻላል። በመድረክ ላይ ጀግናው ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ሲፎክር ከመድረኩ ጥግ ወናፍ የሚነፋ አንድ ሰው መኖር ይገባዋል። ፉከራው ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ቀለህ ከመሬት የሚያነሣው እርሱ ነውና።